ማንበብ ለምኔ፦ ለሐዋሳ አዲስ ባለአክሲዮኖች የቀረበ ምስጋና

የሐዋሳን ሰው ጠንቃቃነት የሚጠራጠር ቢኖር አንድ ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ሲገዛ ይመልከተው። ቆሮሶውን አንስቶ ያገላብጣል፤ ዓይኑ ደፍርሶ እንደሆነ ያያል፤ የጭንቅላቱን ክዳን ገልጦ ውስጡ አለመጠውለጉን ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም «ይህማ የትናንት ነው» ብሎ ከሻጩ ጋር በሃያ ብር ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። ይኸው ሰው ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ቡና ላይ ተቀምጦ የአንድ አዲስ ኩባንያ አክሲዮን መሸጥ እንደ ጀመረ ሲሰማ ግን የሁለት መቶ ሺህ ብሩን ጉዳይ በሁለት ጥያቄ ይጨርሰዋል፤ «እነማን ገዙ?» እና «እስከ መቼ ነው?»። እኔ በበኩሌ ይህን ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። ሰው በቀን አንድ ጊዜ ከመረመረ ይበቃዋል።

መንግሥት ግን ሥራ ሊያበዛብን ሞክሮ ነበር። በ2013 የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አክሲዮኑን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያም ደንበኛ ሳቢ መግለጫ አዘጋጅቶ የማስመዝገብ ግዴታ ተጣለበት። በዚህ መግለጫ ውስጥ የኩባንያው ሒሳብ፣ ያለበት ዕዳ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ የሚውልበት ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገዢውን ሊገጥሙት የሚችሉ ሥጋቶች ተዘርዝረው ይቀመጣሉ። እንግዲህ አንድ ኩባንያ «በዚህ በዚህ ምክንያት ልከስር እችላለሁ» ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ሲሰጥ፣ ያንን ገልጦ ማንበብ የሰው ገመና እንደ መጎርጎር ይቆጠራል። ስለዚህ ጨዋው ገዢያችን የሽፋኑን ፎቶግራፍ ያያል፤ የሊቀመንበሩን ከረባት ያደንቃል፤ የሥጋቱ ምዕራፍ ላይ ሲደርስም ከአክብሮት የተነሣ ዓይኑን ይሰብራል። ባለሥልጣኑ መግለጫውን መዘገበ ማለት አስፈላጊው መረጃ ቀርቧል ማለት እንጂ ኩባንያው ያተርፋል ማለት እንዳልሆነ ሊያስረዱ የሚሞክሩ ደረቆች አሉ። ለእነርሱ የተዘጋጀው መልስ አጭር ነው፤ «መንግሥት ፈቅዶ የለ እንዴ?»

ሌላው የሚመሰገን ባሕርይ ሻጩን በጥያቄ አለማስቸገር ነው። አክሲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲቀርብ ጊዜውን የሚመርጠው ሻጩ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም እርሱ ነው፤ ሒሳቡን ለዓመታት ከውስጥ ሲያይ የኖረውም እርሱ ነው። በተፈጥሮው ተጠራጣሪ የሆነ ሰው «የምከፍለው ገንዘብ ኩባንያውን ለማስፋፋት ወደ ካዝናው ይገባል? ወይስ ድርሻቸውን ሸጠው ለሚወጡት የቀድሞ ባለቤቶች ኪስ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። «መሥራቾቹ የቀረውን ድርሻቸውን ሳይሸጡ እንዲቆዩ የሚያስገድዳቸው ጊዜ አለ? ያ ጊዜ ሲያበቃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለሽያጭ ቢያወጡት የእኔ አክሲዮን ዋጋ ምን ይሆናል?» ብሎም ሊጨምር ይችላል። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አይወጣም። ቤቱን የሚሸጥ ሰው ሲያገኝ ለምን እንደሚሸጥ ጎረቤት ሳይቀር ይጠይቃል፤ ኩባንያውን ለሚሸጥ ሰው ግን ይሉኝታ አለው።

ስለ ዋጋ ካነሣን አይቀር፣ ሒሳብ የሚባለውን ክፉ ልማድ ማሸነፋችንም ሊጠቀስ ይገባል። ለምሳሌ ያህል አንድ አክሲዮን 1,000 ብር ይሸጥ፤ ኩባንያው በዓመት ለእያንዳንዱ አክሲዮን የሚያተርፈው 50 ብር ነው እንበል። ትርፉ ሳይቀነስ ሁሉም ቢከፋፈል እንኳ፣ ገዢው የከፈለው ገንዘብ በትርፍ ድርሻ እስኪመለስለት 20 ዓመት ይጠብቃል። ከ2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በሆነበት አገር ይኸው ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት ቢያንስ 70 ብር ያገኛል። ትርፉ በየዓመቱ የሚያድግ ኩባንያ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ የሚያድግበትን ምክንያት ማወቅ ግን ያንኑ የተጠላ መግለጫ ማንበብን ይጠይቃል። በዓመት 50 ብር የሚያተርፈውን አክሲዮን «እንዳያመልጠኝ» ብሎ ዕቁቡን ለምኖ ቀድሞ የሚያወጣ ሰው ከስሌት በላይ የሆነ እምነት ያለው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው እምነት በቤተ ክርስቲያንም ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በዚህ ረገድ ኬንያውያን ቀድመውናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 የሳፋሪኮም አክሲዮን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ከባንክ ተበድሮ የገዛው ጥቂት አልነበረም፤ የፈላጊው ብዛት ለሽያጭ ከቀረበው በብዙ እጥፍ ስለ በለጠም ብዙዎች ከጠየቁት ጥቂቱን ብቻ አገኙ። ገበያው ላይ በወጣ ሰሞን ዋጋው ከ7 ሽልንግ አለፈ። አንድ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። ኩባንያው ግን አልከሰረም፤ እንዲያውም ለዓመታት የታገሠ ባለአክሲዮን በኋላ ከገዛበት እጅግ የሚበልጥ ዋጋ አይቷል። የተጎዳው በብድር የገዛው ነው፤ ባንኩ ወርሐዊ ክፍያውን ሲጠይቅ «ጥቂት ዓመታት ታገሠኝ» ሊለው አልቻለምና። እኛም ብድሩን እንወስዳለን፤ ትዕግሥቱን ለኬንያውያን ትተንላቸዋል።

ለፍትሕ ያህል፣ አንዳንዴ እጃችንን የምንሰበስብበት ጊዜም አለ። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር፣ ዝቅተኛውን ግዢ 33 አክሲዮን አድርጎ አቀረበ። ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዋጋው ተወደደ ያለ አለ፤ ሌላ ምክንያት የሰጠም አለ። እኔ የምጠረጥረው ወፍራም መግለጫ ስለ ነበረው ነው።

በአንጻሩ «በምሥረታ ላይ» የሚል ቅጥያ ያለው ነገር ይማርከናል። ገና ቢሮ ያልከፈተ ኩባንያ ዕዳ የለበትም፤ ክስ የለበትም፤ የኪሳራ ታሪክም የለውም፤ ከዚህ የተሻለ ንጽሕና ከየት ይመጣል? የብሔራዊ ባንክ በ2013 አዲስ ባንክ ለማቋቋም የሚያስፈልገውን የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው፣ በምሥረታ ላይ ከነበሩት መካከል መንገድ ላይ የቀሩ ነበሩ። አክሲዮን ሲገዛ ለአገልግሎት ተብሎ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ፣ ምሥረታው ሳይሳካ ቢቀር እንደ ዋናው ገንዘብ የሚመለስ መሆን አለመሆኑን ቅጹ ላይ ያነበበ ካለ፣ ከእኛ ወገን አይደለም።

በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሮ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ከሆነ ወዲህ ደግሞ አዲስ መጽናኛ አግኝተናል፤ «ካልተመቸኝ በማግሥቱ እሸጠዋለሁ»። ለመሸጥ ገዢ እንደሚያስፈልግ፣ ጥቂት ተገበያይ ባለበት ጀማሪ ገበያ ውስጥም የቸኮለ ሻጭ ቀድሞ የሚያጣው ዋጋውን እንደሆነ ማንሣት የሰው ደስታ መበጥበጥ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ማሳያ ዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። የሆቴሉ አዳራሽ ጢም ብሏል፤ በየወንበሩ የኩባንያው ዓርማ ያለበት ኮፍያና እስክሪብቶ ተቀምጧል። የውጭ ኦዲተሩ ሪፖርት ሲነበብ ከኋላ ያሉት የምሳውን ሰዓት ይጠያየቃሉ፤ ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ አንዲት እናት የጾም መኖሩን አስተናጋጁን ጠርተው ያረጋግጣሉ። በዚህ መካከል ጡረታ የወጡ አንድ መምህር እጃቸውን አውጥተው «ተሰብሳቢ ሒሳቡ ከአምናው በእጥፍ ያደገው ለምንድን ነው? ገንዘቡስ ከማን ነው የሚሰበሰበው?» ብለው ይጠይቃሉ። አዳራሹ ያጉረመርማል። «ጋሼ፣ ሰዓት ይከበር እንጂ!» የሚል ድምፅ ከመሐል ይሰማል። ሊቀመንበሩ ጥያቄው ጠቃሚ እንደሆነ፣ በጽሑፍ ቢቀርብ ቦርዱ እንደሚያየው በትሕትና ያስረዳሉ። ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ከመጽደቁ በፊት ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ወጣት ባለአክሲዮን ተነሥቶ ኮፍያ እንዳልደረሰው ያመለክታል፤ ቦርዱም ጉዳዩን ወዲያውኑ እንዲያጣራ ጉባኤው ያሳስባል።