ኮራሉ ሲነጣ ጎጃሜን ምን አገባው?

ሰኔ ላይ ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ኮራል የሚያወራ ሰው ይሳቅበታል። ወሬው ሁሉ የማዳበሪያ ዋጋና የክረምቱ አገባብ ነው። አልፈርድም። ግን ያ ክረምትና ያ ኮራል አንድ ጌታ አላቸው፤ የባሕሩ ሙቀት።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ የባሕር እንስሳ ነው። ጥቃቅን ሆነው ተሰብስበው የኖራ መንደር ይሠራሉ። ሥጋቸው ውስጥ አልጌ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ዕፅዋት መሰል ነገር ይኖራል። ውላቸው እኛ ዘንድ መሬት በእኩል እንደሚሰጠው ነው፤ ኮራሉ ማደሪያ ይሰጣል፣ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ ያካፍላል። ውሃው ከለመደው የዓመቱ ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ግን ውሉ ይፈርሳል። የተጨነቀው አልጌ ኮራሉን መጉዳት ይጀምራል፤ ኮራሉም ያባርረዋል። ያኔ በስሱ ሥጋ ሥር ያለው ነጭ ኖራ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ነጣ የሚባለው ይሄ ነው። ገና አልሞተም፣ ተርቧል። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ሊያገግም ይችላል።

ችግሩ፣ ባሕሩ የመቀዝቀዣ ፋታ እያጣ ነው። እኛ ሰዎች በምንለቀው ጋዝ የታመቀው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የገባው ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ኤልኒኖ ሲታከልበትማ አይጣል ነው! ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የእኛን ክረምት ያዳክማል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዲያ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ፤ በዚያው ዓመት የአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ዳርቻ ክፉኛ ነጣ። ጎጃም ያኔ ከምሥራቁ አገር ይልቅ ቀለል ብሎለታል፤ ሁሌ እንደዚያ ይሆናል የሚል ዋስ ግን የለም።

የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ትንበያ ሲሠሩ የፓስፊክን ሙቀት ያያሉ። ገበሬው ጆሮ የሚደርሰው ግን «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» የምትለዋ ናት። ምክንያቱ የት ገባ? «አይገባውም» የሚሉ አሉ። ደመና አይቶ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ለይቶ የሚዘራን ሰው እንዲህ ማለት ንቀት ነው። በሬዲዮ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትጨመር፤ ባሕሩ የት እንደሞቀ፣ ያም ሲሆን ዝናባችን አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚሆን። በቆሎ ይዝራ ወይስ ዝናቡ እስኪጠና ጠብቆ ጤፍ፣ እሱ ራሱ ይቁረጥ።