ሁሉንም በጫት ማሳበብ ይቅር

ድሬዳዋ ላይ አንድ ወጣት ሳይተኛ እያነጋ ብቻውን ማውራት ሲጀምር ከቤተሰቡ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ጫቱ ነው» የሚል ነው። ሐረርም እንዲሁ። ልጅቷ ስትመነምንና ምሳ ሲቀርብ «በልቻለሁ» እያለች ስትነሣም «ስለምትቅም ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጫት እንቅልፍ እንደሚነሳና የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው እውነት ሁለት ከባድ ሕመሞችን ለወራት ይሸፍናል፦ ሳይኮሲስን፣ ማለትም ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበትንና ከእውነታ የሚርቅበትን የአእምሮ ሕመም፣ እና የአመጋገብ ሕመሞችን። ሳይኮሲስ ደግሞ ሳይታከም በቆየ መጠን መዳኑ እየከበደ ይሄዳል።

ዱካክ ምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። ቃሚው ጫት ባጣበት ሰሞን፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ወይም ሊነቃ ሲል ደረቱ ላይ የሚጫን፣ አንገቱን የሚያንቅ ነገር ይመጣበታል። ሲነቃ ግን ቅዠት እንደነበር ያውቃል፤ በቀናት ውስጥም ይለቀዋል። በጠራራ ፀሐይ ነቅቶ ተቀምጦ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ለድምፁ መልስ የሚሰጥ፣ «ሊመርዙኝ ነው» ብሎ እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ የሚገፋ ሰው ግን የያዘው ዱካክ አይደለም። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ከጓደኛ መራቅ፣ ገላ መታጠብ መተው፣ ትምህርትና ሥራ መጣል ታይቶ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል።

ጫት ራሱም ሳይኮሲስ ሊያስነሳ ይችላል። መቃም ሲቆም ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ይበርዳል፤ ከወር ካለፈ ሌላ ሕመም፣ ለምሳሌ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው የአእምሮ ሕመም ስኪዞፍሬኒያ፣ መታሰብ አለበት። ይህን የሚለየው ግን ሐኪም ነው። ቤት ቁጭ ብሎ ቀን መቁጠር አይገባም፤ ሐኪሙም «ጫት አቁምና ተመለስ» ብሎ ባዶ እጁን ሊሸኘው አይገባም። ትኩሳት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ካለ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ድሬዳዋ በ2014 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፤ አንጎል የነካ ወባ ሰውን ያቃዣል፤ በፍጥነትም ይገድላል። ከወለደች ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ግራ የገባት፣ እንቅልፍ ያጣች አራስም አጣዳፊ ናት፤ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተዉ።

ሐረር ላይ ሕይወት ፋናና ጀጎል፣ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። እንቅልፉ መቼ እንደተናጋ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚቅም፣ ከበርጫ በኋላ ለጨብሲ ምን እንደሚጠጣ፣ በዘመድ ተመሳሳይ ሕመም ካለ ጽፋችሁ ሂዱ። ስለ ድምፆቹ አትከራከሩት፤ የምትሰሙም አትምሰሉ። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣበትም። ጸበሉም ሩቅያውም ከመድኃኒቱ ጋር ጎን ለጎን ይሂድ። ሕመምተኛው የታሰረበት ሰንሰለት ግን ይፈታ።

ሕክምናው ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊበላሽ ይችላል። ሃሎፔሪዶል የተባለውን የሳይኮሲስ መድኃኒት የጀመረ ሰው አንገቱ ሊጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላሱ ሊተሳሰር ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ «ጂኒው ተነሳበት» ወይም «መርዝ ሰጡት» ብሎ ኪኒኑን ይጥላል። የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ እንደ ፕሮሜታዚን ባለ መርፌ ቶሎ ይፈታል፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። በትክክለኛው መጠን ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይወሰድ «አልሠራም» አይባልም። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ 12 ወር መቀጠል አለበት፤ ለብዙዎች ግን «ዳነ» ተብሎ በወሩ ይቆማል፤ ሕመሙም ያገረሻል። ኪኒን የሚረሳ ሰው በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ የሚሰጠውን፣ ሞዴኬት የተባለውን የሳይኮሲስ መርፌ ይጠይቅ።

መድኃኒቱ የሚገታውን ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል ጫት ይለቀዋል። ስለዚህ መቃም የመድኃኒቱን ሥራ ያፈርሰዋል፤ ከዚያ የባሰው ግን «ምርቃናዬን ያጠፋብኛል» ብሎ በበርጫ ቀን ኪኒኑን መዝለል ነው። ረመዳንም ምክንያት አይሆንም፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች በቀን አንዴ፣ ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰዱ ይችላሉ። ከሐኪሙ ጋር ጾሙ ሳይገባ ተነጋገሩ።

የአመጋገብ ሕመሞች ደግሞ «እዚህ የሉም» ይባላሉ። የሉም የሚባለው ስለማይጠየቅ ነው። ጿሚ ሰው ጾሙ ሲፈታ ደስ ብሎት ይበላል። አኖሬክሲያ፣ ማለትም ራስን የማስራብ ሕመም፣ ያለባት ልጅ ግን አጥንቷ ወጥቶ እንኳ ወፍራም እንደሆነች ነው የምታምነው፤ የወር አበባዋ ይቀራል፣ በድሬ ሙቀትም ይበርዳታል። ሌላው ሕመም ቡሊሚያ ከክብደት አይታወቅም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ በልታ ከማዕድ እንደተነሣች ለማስመለስ መጸዳጃ ቤት ትገባለች፣ ጥርሷ ይሸረሸራል፣ ጉንጯ ሥር ያብጣል። ወንዶችም ይይዛቸዋል። የምትቅመው ርሃቡን ለመርሳት እንደሆነ በለሆሳስ ጠይቋት።

ራሷን ከሳተች ወይም የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 ካነሰ ሆስፒታል አድርሷት፤ ደጋግማ የምታስመልስ ከሆነ በደም ውስጥ ያለውን የፖታሲየም ማዕድን ምርመራ አሠሩ፤ ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፣ ሊቆምም ይችላል። ለሳምንታት ያልበላ ሰው ሲገኝ ገንፎና ቅቤ መደርደር ራሱ አደጋ አለው፤ ሰውነቱ በድንገት ምግብ ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን ያሽቆለቁላል። በትንሹ ተጀምሮ፣ ቫይታሚን ቢ 1 ተሰጥቶ፣ በየቀኑ ደም እየታየ ይጨመራል። ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ግን ከሁሉ የሚረዳት፣ ሳይቆጡና ሳያባብሉ፣ በየማዕዱ አብሯት የሚቀመጥ ወላጅ ነው።