ጃክ ሉካስ ሲመዘገብ 14 ዓመቱ ነበር
በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጓዶቹን ለማዳን የእጅ ቦምብ ላይ የተኛው ጃክ ሉካስ በ17 ዓመቱ የአሜሪካ ማሪን (የባሕር ወለድ ጦር ወታደር) ሆኖ ተመዘገበ ሲባል ይሰማል፤ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 ሲገባ ገና 14 ዓመቱ ነበር፣ ዕድሜውን ጨምሮ ነው። ኢዎ ጂማ በተባለችው የጃፓን ደሴት ላይ የቆሰለው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1945፣ 17 ዓመት በሞላው በስድስተኛው ቀን ነው። ጃፓኖች እሱና ጓዶቹ ወደነበሩበት ምሽግ የወረወሯቸው ሁለቱም የእጅ ቦምቦች ፈነዱ የሚባለውም ይታረም፤ የፈነዳው አንዱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አፈሩ ረድቶታል። የደሴቲቱ መሬት ልል የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ምሽግ ሲቆፈርበት እየተናደ፣ ተሽከርካሪ እየዋጠ ማሪኖቹን ያሠቃየ። ሉካስ የመጀመሪያውን ቦምብ በጠመንጃው ሰደፍ እዚያ አመድ ውስጥ ቀብሮ ተኛበት፣ ሁለተኛውን በእጁ ስቦ ከሥሩ አስገባው። ሦስት ጓዶቹ ተረፉ። እሱን ግን ሞቷል ብለው አልፈውት ነበር፤ በሕይወት ያገኙት ከኋላ የመጡ ሌሎች ማሪኖች ናቸው። ከ200 በላይ ፍንጣሪ ገብቶበት ከ20 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።