ሲደሩ ዝም ይላል፣ ጠጁ ይጠየቃል

የምኖረው እንግሊዝ ውስጥ፣ የፖም እርሻ በበዛበት ሄርፎርድሻየር ነው። የአካባቢው መጠጥ ከፖም የሚጠመቀው ሲደር ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ፖሙ ትንሽ ነው። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሕጉ የሚያስገድደው ጁሱ ቢያንስ 35 በመቶ እንዲሆን ነው። የቀረው ውሃና ስኳር ቢሆን ጠያቂ የለም። ጣሳው ላይም ምን እንደገባበት መዘርዘር ግዴታ አይደለም፤ ከ1.2 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ ከዚህ ነፃ ነው። ብስኩት እንኳ ዱቄቱንና ዘይቱን ይናገራል።

ስለዚህ ፍርዱ ለምላስ ይቀራል። በረዶ የገባበትን ሲደር መለየት ከባድ ነው፤ ቅዝቃዜ ጉድለትን ይሸፍናል። ቅዝቃዜው ለቀቅ ሲል አሽትቱት። ጥሩው ከነልጣጩ የበሰለ ፖም ይሸታል። ዳቢኔት ከሚባለው የሲደር ፖም የተጠመቀው ሲጎነጩት ድድን ጭምድድ ያደርጋል፤ ከዋጡትም በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ይቆያል። በስኳር የተሞላው ሲደር ግን ምላስ ጫፍ ላይ ጣፍጦ እዚያው ይጠፋል። ጋዙ ከወጣ ደግሞ የሚተርፈው ጣፋጭ ውሃ ነው።

ሐዋሳ ስመጣ የማደንቀው ጠጪውን ነው። ጠጅ ቤት የገባ ሰው ገና ሳይቀመጥ «የማር ነው የስኳር?» ይላል። አንድ አዛውንት ብርሌውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፤ አሸተቱት፤ አንድ ጉንጭ ይዘው ቆዩ።

«ጌሾው በዝቷል፤ ማሩ ግን ማር ነው» አሉ።

«እውነትዎን ነው አባባ፤ ነገ የሚወጣው ይሻላል» አለች አስተናጋጇ፣ ምንም ሳይከፋት።

ሄርፎርድሻየርም ከገበሬው በርሜል የሚቀዱ እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሱፐርማርኬት የሚገባው ሰው ግን በአብዛኛው ዋጋ አይቶ ይወጣል።

የሚያሳስበኝ የታሸገው ጠጅ ነው። ማር ተወዷል፤ በስኳርና በቀለም የሚጣለውም ጥቂት አይደለም። ጠጅ ቤት ውስጥ አስተናጋጇ ትጠየቃለች፤ ጠርሙስ ግን አይመልስም። እንግሊዞቹ ያደረጉትን ባንደግም እወዳለሁ። ጠርሙሱ ላይ የማሩ መጠን በመቶኛ ይጻፍ፤ ስኳር ከገባበትም ይነገር። እኔ በበኩሌ የማሩ መጠን ለተጻፈበት ጠጅ ጨምሬ እከፍላለሁ።