ወንድሙ ድንኳን ይሸጣል

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የምክር ቤት አባላት ለግል ጥቅማቸው እንዳይወስኑ ሀብታቸውን ካስመዘገቡ በቂ ነው ይላል። እኔ አልመሰለኝም። የሀብት ማስመዝገቢያው አዋጅ ቁጥር 668/2002 የትዳር ጓደኛን ሀብት ጭምር አስመዝግቡ ማለቱ ጥሩ ነው። ግን መዝገቡ ሰውየው ምን እንዳለው እንጂ እጁን ለማን ብሎ እንደሚያወጣ አይነግረንም።

እዚህ ጅማ የሰፈራችን እድር አምና ድንኳን ሊገዛ ነበር። ከኮሚቴዎቹ የአንዱ ወንድም ድንኳን ይሸጣል። ስብሰባው ሲጀመር ሰውየው ብድግ አለና «እኔ በዚህ የለሁበትም» ብሎ ወጣ። በረንዳ ላይ ሁለተኛውን ስኒ ቡና ሳይጨርስ ተወሰነ። ከሌላ ነጋዴ ተገዛ። ወንድምየው አኩርፎ ከረመ አሉ፣ ይኩርፋ!

ታዲያ ቡና ላኪ የሆነ ተመራጭ የቡና ግብይት ሕግ ሲቀርብ ምን ያድርግ? ጓሮው ሦስት እግር ቡና ያለው ሁሉ ይውጣ አላልኩም፤ እንዲያማ ከሆነ ከእኛ አካባቢ ማን ይቀራል? ባለ መጋዘኑ ግን ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ይናገር፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ይስፈር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት ይችላል ይላል። ምኑን አውቄ ነው የማነሳው?