በሥዕሉ ግርጌ ያለው ስም

የጥንት ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን ሳይጽፉ ማለፋቸው ብዙ ጊዜ የትሕትናቸው ምስክር ሆኖ ይነገራል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን አስፍሯል፤ በዚህም ምክንያት ትዕቢተኛ ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም። የብዙዎቹ ስም የቀረው በዘመኑ ልማድ የሥዕሉ ባለቤት የሚባለው ሠዓሊው ሳይሆን ያሠራው ሰው ስለነበረ ይመስለኛል። ያሠሪው ስም፣ አንዳንዴም መልኩ፣ ከሥዕሉ ላይ አልታጣም።

እቴጌ ምንትዋብ እዚያው ጣና ላይ በደቅ ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ከዚያ በታች ዝቅ ማለት የለም። ይሁንና ልብሳቸው የንግሥት ልብስ ነው፤ የተደፉበትም ስፍራ ገብቶ የሚሳለም ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት ነው። እንዲህ ባሉ ሥዕሎች ላይ ከአሠሪው ስም ጋር «ተማኅፀነ» ወይም «ተማኅፀነት» (ተማፀነ፣ ተማፀነች) የሚል የግእዝ ቃል ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ስሙ የሰፈረው ለመማፀን ነው፤ ክብርን የማሳየት ፍላጎትም አብሮ መግባቱ አይካድም፣ እኔም ሁለቱን ለይቼ ላወጣ አልሞክርም።

በቅርቡ በአንድ አዲስ ቤተ ክርስቲያን፣ በቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ግርጌ፣ ያሠራው ሰው ስም እስከ አያቱ ተጽፎ፣ ከጎኑም የሠዓሊው ስልክ ቁጥር ሰፍሮ አየሁ። ስልኩ አላስከፋኝም፤ እንጀራው ነውና። የከነከነኝ የአሠሪው ስም አጻጻፍ ነው። ካህን በጸሎት ሰውን የሚያነሣው በስመ ክርስትናው ነው፤ ምንትዋብም በዚያ ስም ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። በዚህኛው ሥዕል ግን ስመ ክርስትና የለም፣ «በጸሎት አስቡኝ» የሚልም የለም፤ ያለው «ያሠሩት» የሚል ቃልና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው። ይህ ከልመና ይልቅ ለደረሰኝ ይቀርባል።

ሰበካ ጉባኤዎች ስም መጻፍን ይከልክሉ አልልም፤ የሚጻፈው ስመ ክርስትና ብቻ ይሁን ነው የምለው። ጎረቤት ማን እንደሆነ ላይለየው ይችላል፣ ካህኑ ግን ያነሣዋል። እንዲህ ከሆነ ስጦታው ይቀንሳል የሚል ሥጋት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ምናልባትም ይቀንስ ይሆናል።