ክኒኑን ከመግዛትህ በፊት እሷን ጠይቃት

ሐዋሳ ውስጥ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ፣ በተለይ አርብና ቅዳሜ፣ ወንዶች ይመጣሉ። ሌላ ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ ያቺ ሰማያዊዋ አለች?» ይሉኛል፤ ቪያግራን ማለታቸው ነው። ብዙዎቹ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ጤነኛ ልጆች ናቸው። ለምን እንደፈለጓት ስጠይቃቸው «እሷን ላስደስታት ብዬ ነው» ይላሉ።

ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ቪያግራ ይህን አይሠራም። ወደ ወንድ ብልት የሚሄደውን ደም ይጨምራል፣ ብልቱ እንዲቆም ያግዛል፣ በቃ። ናይትሬት ካላቸው የልብ መድኃኒቶች ጋር ከተወሰደ ደግሞ የደም ግፊትን አውርዶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥም።

የሴት እርካታ በዋናነት ያለው ቂንጥር ላይ ነው። ቃሉን ሲያነብ የሚደነግጥ ይኖራል፤ ስድብ አድርገነው ኖርን እንጂ የሰውነት ክፍል ስም ነው። ከውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው፤ ትልቁ ክፍል ወደ ውስጥ ገብቶ በብልቷ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ይህን በደንብ አጥንታ ያሳየችው አውስትራሊያዊቷ ቀዶ ሐኪም ሄለን ኦኮኔል ናት፣ በ1998 እ.ኤ.አ.። ቪያግራ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውም በዚያው ዓመት ነው። ክኒኑ እኛ ሰፈር ድረስ መጣ፣ የእሷ ጥናት ግን ስንቱ ባለትዳር ጋ ደረሰ?

ሰውነታችን እንደምናስበው አይራራቅም። ቂንጥርና የወንድ ብልት ማሕፀን ውስጥ የሚጀምሩት ከአንድ ዓይነት ሥጋ ነው። እርካታ ጫፍ ላይ ሲደርስ በሁለቱም የዳሌ ጡንቻዎች በየሰከንዱ ገደማ እየተኮማተሩ ይለቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ከዚያ ሰውነት ይላላል። ወንድ ከጨረሰ በኋላ እረፍት ያስፈልገዋል፤ ሴት ግን ወዲያው መድገም ትችል ይሆናል። ትልቁ ልዩነት መንገዱ ላይ ነው። ብዙ ሴቶች በግንኙነት ብቻ አይረኩም፣ ቂንጥር መነካት አለበት፣ ጊዜም ይፈልጋል። ከ52,000 በላይ አሜሪካውያን በተሳተፉበት ጥናት፣ ከሴት ጋር ከሚተኙ ወንዶች 95 በመቶው አብዛኛውን ጊዜ እንደሚረኩ ሲናገሩ፣ ከወንድ ጋር ከሚተኙ ሴቶች ግን 65 በመቶው ናቸው።

እኛ ጋ ደግሞ ግርዛት አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ጉዳቱ ከባድ ነው። ነገር ግን የተገረዘች ሁሉ ደስታ አይሰማትም ማለት ስህተት ነው፤ ውስጥ ያለው የቂንጥር ክፍል ብዙ ጊዜ አልተነካም፣ የሚረኩ ብዙ ናቸው። «አለቀልኝ» ብላ የተቀመጠች እህቴ ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

የወሊድ መቆጣጠሪያ ሊወስዱ የሚመጡ ሴቶች አንዳንዴ ሰው ከሌለ ያወሩኛል። «ቶሎ እንዲያልቅ የረካሁ እመስላለሁ» ያለችኝ አንድ ብቻ አይደለችም። ባሏ ግን ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ይተኛል፣ በምን ይወቅ?

ባለፈው አንድ ልጅ ማዘዣ ሳይዝ መጣ። «ምን እንደሚያስደስታት ጠይቀሃት ታውቃለህ?» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ምን ብዬ ልጠይቃት?» አለኝ። «እጅህን ይዛ እንድታሳይህ ንገራት» አልኩት።